«ኖስፌራቱ» እንዲጠፋ መፈረዱ ተገቢ ነበርን?

የክርክሩ መነሻ፦ ፍሪድሪሽ ቪልሄልም ሙርናው «ኖስፌራቱ» የተባለውን ድምፅ አልባ የአስፈሪ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1922 በጀርመን ለሕዝብ አቀረበ። ታሪኩ ከብራም ስቶከር ልብ ወለድ «ድራኩላ» ያለ ፈቃድ የተወሰደ በመሆኑ በ1925 የጀርመን ፍርድ ቤት ቅጂዎቹ ሁሉ እንዲጠፉ አዘዘ።

የሕግ ተማሪ፦ ፍርዱ ትክክል ነበር። ደራሲው በ1912 ካረፉ በኋላ የመጽሐፉ መብት የባለቤታቸው የወይዘሮ ፍሎረንስ ስቶከር ነበር። ፊልሙን የሠራው ኩባንያ ፕራና ፊልም የገጸ ባሕርያቱን ስም ለውጦ ታሪኩን ወሰደ፤ ሲከሰስም ከስሮ ስለነበር ካሳ የሚከፍል አልተገኘም። ታዲያ ፊልሙ እንዲጠፋ ከመጠየቅ በቀር ምን ቀራቸው?

የድሮ ፊልም ወዳድ፦ ወይዘሮዋ መበደላቸውን አልክድም፤ ፊልሙ ራሱ ከ«ድራኩላ» መወሰዱን በመግቢያ ጽሑፉ ይናገራል። የምቃወመው ቅጣቱን ነው፤ ምክንያቱም እንዳይታይ መከልከልና ከምድር ላይ ማጥፋት እጅግ የተለያዩ ናቸው። ሙርናው ከመጽሐፉ ያልወሰደውን እንመልከት። እንደ «ዶክተር ካሊጋሪ» ያሉት የዘመኑ ፊልሞች በስቱዲዮ ውስጥ በተሳሉ ግድግዳዎች መካከል ሲሠሩ፣ እሱ ካሜራውን ይዞ ወደ ጀርመን ከተሞች ቪስማርና ሉቤክ ጎዳናዎች እንዲሁም ወደ ስሎቫኪያው የኦራቫ ግንብ ወጣ፤ ፍርሃቱ የሚያይለውም አስፈሪው ፍጡር በእውነተኛ ቤቶችና በእውነተኛ ባሕር መካከል ስለሚታይ ነው። ማክስ ሽሬክ የተጫወተው ካውንት ኦርሎክ፣ ማለትም በፊልሙ የድራኩላን ቦታ የያዘው ገጸ ባሕርይ፣ በመጨረሻ ደረጃውን ሲወጣ የምናየው ጥላውን ብቻ ነው፤ ረጃጅም ጣቶቹ በግድግዳው ላይ ሲዘረጉ ግን ማንም ሰው ነገሩን እንዲያብራሩለት አይጠይቅም። በመጽሐፉ ድራኩላ በቀን ይንቀሳቀሳል፤ በፀሐይ ብርሃን የሚጠፋ ቫምፓየር (ደም መጣጭ ፍጡር) የዚህ ፊልም ፈጠራ ነው፣ በኋላ የመጡት ብዙዎቹም የተከተሉት ይህንኑ ነው።

የሕግ ተማሪ፦ በውበቱ አንለያይም። ነገር ግን የሰው ሥራ የወሰደ ሁሉ «አሳምሬዋለሁ» ብሎ የሚያመልጥ ከሆነ፣ አቅም የሌለው ደራሲ በማን ይተማመናል? ዳኛውስ የፊልም ሐያሲ ሊሆን ነው?

ሌላ ተሳታፊ፦ የፍርዱ ጉዳት ዛሬም እንደሚታይ ልጨምር። ፊልሙ የተረፈው ከትእዛዙ ያመለጡ ቅጂዎች በመኖራቸው ነው፤ አሁን የምናየውም ከተለያዩ ቅጂዎች ተለቅሞ የታደሰ ነው። የሌሊት ትዕይንቶቹ በቀን ተቀርጸው ሰማያዊ ቀለም እንዲነከሩ የታሰቡ ስለነበሩ፣ ቀለሙ የጠፋበትን ቅጂ ያየ ሰው ኦርሎክ በጠራራ ፀሐይ ሲመላለስ አይቶ ግራ ይጋባል። ሃንስ ኤርድማን ለፊልሙ የደረሰው ሙዚቃም አብዛኛው ጠፍቷል።

የድሮ ፊልም ወዳድ፦ የሕግ ተማሪው ወንድሜ፣ ዳኛው ውበትን እንዲመዝን አልጠየቅሁም። ኔጋቲቩ (ቅጂዎች የሚታተሙበት ዋናው ፊልም) እና አንድ ቅጂ ታሽገው፣ የደራሲው መብት የሚጠበቅበት ዘመን እስኪያበቃ በቤተ መዛግብት እንዲቀመጡ ቢደረግ፣ ማንም ከፊልሙ ባልነገደ፣ የወይዘሮዋም መብት ሙሉ በሙሉ በተከበረ ነበር። በዚህ መንገድ እርሳቸው ምን ያጡ እንደነበር እርስዎ ያስረዱኝ።