ጎንደር ውስጥ የፍሪሜሶን ሎጅ ነበረ እንዴ?

አስጎብኚው ከፒያሳ፦
ሰላም የጎንደር ልጆች። ትናንት ሁለት ሽማግሌ ስኮትላንዳውያን ይዤ ቁስቋም ወጥቼ ነበር። አንደኛው የእቴጌ ምንትዋብን ግንብ እያየ «የጄምስ ብሩስ ሎጅ የት ነው?» አለኝ፤ ድሮ ወደ ጎንደር የመጣውን ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ማለቱ ነው። እኔ ሎጅ ሲል ማደሪያ መስሎኝ በደባርቅ መንገድ ያሉትን ዘረዘርኩለት። ከነዋጋቸው! ሰውዬው በሳቅ ሞተ። ለካ የፍሪሜሶኖችን፣ የእነዚያን የምስጢር ማኅበር ሰዎች፣ መሰብሰቢያ ነው የሚጠይቀኝ። ብሩስ አባል ስለነበር እዚህም ማኅበር ሳያቋቁም አይቀርም ባይ ነው። ማታ ቲክቶክ ስከፍት ደግሞ አንዱ የቁስቋምን ቅርጻ ቅርጽ «የሜሶን ምልክት ነው» ብሎ ይምላል። ሰዎቹ እስከ እሑድ እዚሁ ናቸው። የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ አንድ በሉኝ።

የአዘዞው፦
ወንድሜ ከዚህ ነገር ራቅ በል። ኢሉሚናቲ ነው። በእመቤታችን ደጅ ይሄ ወሬ ምን ያደርጋል?

ማራኪ ግቢ፦
የአዘዞው፣ ቀስ በል እንጂ። ሜሶን ማለት እኮ ግንበኛ ማለት ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ሎጅ የሚባለው መጀመሪያ የእውነተኛ ድንጋይ ጠራቢዎች ማኅበር ነበር። ምልክታቸው ስኳድራና ኮምፓስ የሆነውም ለዚህ ነው። ኋላ ላይ ቱንቢ ይዘው የማያውቁ ጠበቆችና ባላባቶች ገቡበት።

እኔ ሁለተኛ ዲግሪዬን የሠራሁት ኤድንብራ ነው። ብሩስም እዚያው ዩኒቨርሲቲ ሕግ ጀምሮ ነበር፣ አልጨረሰም እንጂ። ካኖንጌት ከሚባለው መንገድ በቅስት ሥር አልፈህ የምትገባበት ጠባብ የቅዱስ ዮሐንስ መንገድ አለ። ካኖንጌት ኪልዊኒንግ ቁጥር 2 የሚባለው ሎጅ እዚያ ነው። ከኪልዊኒንግ ከተማው ነባር ሎጅ ፈቃድ ያገኘው በ1677 ሲሆን የራሱን አዳራሽ ያስመረቀው በ1736 ነው (ቁጥሮቼ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። በዚያው ዓመት የስኮትላንድ ታላቁ ሎጅ (የሎጆቹ ሁሉ የበላይ) ሲመሠረት የመጀመሪያው አለቃ ዊልያም ሴንት ክሌር የዚሁ ሎጅ ሰው ነበር። ገጣሚው ሮበርት በርንስም በ1787 ተቀላቅሏል። ብሩስ የገባው ኦገስት 1 ቀን 1753፣ በ22 ዓመቱ ነው። እኔ ብዙ ጊዜ በበሩ አልፌያለሁ፤ ተከፍቶ አላየሁትም። ድንጋዩ ግን በጭስ ጠቁሮ የኛን ማድ ቤት ነው የሚመስለው።

እና ሽማግሌው ግማሹን ልክ ነው። ጎንደር ላይ ሎጅ ከፈተ የሚለው ግን አያስኬድም። ሎጅ ከታላቁ ሎጅ የፈቃድ ደብዳቤ ይፈልጋል፣ የማኅበርተኛውም ቁጥር መሙላት አለበት። ጽዋ ማኅበር ብቻህን ትጠጣለህ? እንደዚያ በላቸው። ከብሩስ ጋር ከአውሮፓ የመጣው ሰዓሊ እንኳ፣ የቦሎኛው ሉዊጂ ባሉጋኒ፣ በ1771 እዚሁ ጎንደር ሞቶ ቀርቷል።

ቅርጻ ቅርጹማ ጭራሽ! እቴጌ ቁስቋምን ስታሠራ ብሩስ ገና ልጅ ነበር። ስለ ግንበኛ ማውራት ካማረህ ወለቃ ውሰዳቸውና ለጎንደር ነገሥታት ስለገነቡት የቤተ እስራኤል ባለሙያዎች ንገራቸው።

ለቁስቋም የሚሆንህ ጨዋታ ደግሞ ይኸውልህ። ብሩስ በ1770 መጀመሪያ ሲደርስ እቴጌ ግቢ ፈንጣጣ ገብቷል። የእቴጌዋ ሴት ልጅ የወይዘሮ አስቴር ልጅም ታሟል። ሰውዬው ቁመቱ አንድ ሜትር ከ90 ያልፋል፣ ፀጉሩ ቀይ፣ ስሙ ደግሞ እዚህ «ያጎቤ» ሆኗል። እሱ እንደጻፈው የተዘጋውን በርና መስኮት ሁሉ አስከፈተ። ቤቱን በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ፣ በሙቅ ውኃና በሆምጣጤ አሳጠበ። በቤተ መንግሥት የተወደደው በዚህ ነው። በሎጅ አይደለም።

የቁስቋም ሰፈር እናት፦
ልጆቼ፣ ሎጅ ኖረ አልኖረ ለኔ ምኔም አይደለም። ሰውዬው መጽሐፈ ሄኖክን ይዞ መሄዱን ለምን አታነሱም? ታቦት ፍለጋ ነው የመጣው ሲባልም ሰምቻለሁ።

ማራኪ ግቢ፦
እማማ፣ ሄኖክን ያሉት እውነት ነው። ሦስት ቅጂ ይዞ ሄዷል። አንዱን ለፈረንሳይ ንጉሥ ሰጠ፣ አንዱ ኦክስፎርድ ገባ፣ አንዱን ለራሱ አስቀረ። ፍሪሜሶኖች ስለ ሄኖክ የራሳቸው ትረካ ስላላቸው ሰው ሁለቱን ገጣጥሞ ይጠረጥራል። እሱ ግን መጣሁ ያለው ለዓባይ ምንጭ ነው። ኖቬምበር 4 ቀን 1770 ግሽ ዓባይ ደርሷል። ስለ ታቦቱ የሚወራው ግምት ነው፣ እኔ አልገዛውም።

የቁስቋም ሰፈር እናት፦
እግዜር ይስጥህ ልጄ። ብራናው ግን አገሩ ቢሆን ይሻለው ነበር።

የአዘዞው፦
እሺ ግንበኛ ናቸው እንበል። ታዲያ ምን ይደብቃቸዋል?

አስጎብኚው ከፒያሳ፦
ማራኪ ግቢ፣ ተባረክ። ዛሬ ነገርኳቸው። ሽማግሌው ስለ ሎጁ ሲሰማ ፊቱ በራ፣ በርንስን ስጠራለት ጭራሽ ግጥም ጀመረ። ጽዋ ማኅበርን ማስረዳቱ ግን ከሎጁ ባሰብኝ። እሑድ ተረኛዋ እናቴ ናት። ጠላውም ደርሷል፣ ይዣቸው እመጣለሁ ብያታለሁ። «ፆመኞች ናቸው ወይ?» ነው ያለችኝ።