ዲዝኒ ወርልድ ኦቲዝም ካለበት ልጅና ከሕፃን ጋር፦ ወረፋውን እንዴት ላቀናጀው?

ሰላም ለሁላችሁ። የሞከራችሁት ካላችሁ እባካችሁ እርዱኝ፣ ግራ ገብቶኛል።

ፍሎሪዳ፣ ዲዝኒ ወርልድ መዝናኛ ፓርክ ልንሄድ ነው። ትልቁ ልጄ ኦቲዝም አለበት። ወረፋ ላይ ጫጫታና ግፊያ ከበዛ በቃ፣ ቀኑ አለቀ ማለት ነው። ትንሿ ገና ሁለት ዓመቷ ነው። ከ3 ዓመት በታች ስለሆነች መግቢያ አትከፍልም፤ የቀን እንቅልፏ ግን ያስከፍለናል።

ለልጄ ዳስ (DAS) የሚባለውን፣ እንደ እሱ ወረፋ መቆም ለሚከብዳቸው የተዘጋጀ አገልግሎት በቪዲዮ ጥሪ ጠይቀን ተፈቅዶልናል። በወረፋው ርዝመት ልክ የመመለሻ ሰዓት ይሰጡናል፤ እስከዚያ ሌላ ቦታ እንቆያለን። ችግሩ፣ አንዱን ሳይጨርሱ ሌላ መያዝ አይቻልም።

የሚከፈልበት ላይትኒንግ ሌን፣ ማለትም በተያዘ ሰዓት በአጭሩ ወረፋ የሚያስገባው፣ ደግሞ ሦስት መጫወቻ አስቀድሞ ያስመርጣል። በዲዝኒ ሆቴሎች የሚያድር ከ7 ቀን በፊት፣ ሌላው ከ3 ቀን በፊት ነው የሚይዘው። እኛ የምናድረው ውጭ ነው። ጥሩ ጥሩው ሰዓት እስኪደርሰን የሚተርፍ አይመስለኝም።

ታዲያ ዳስ እያለን ላይትኒንግ ሌን መግዛት ብር ማባከን ነው? ወይስ ሁለቱን አጣምሮ ከሕፃኗ እንቅልፍ በፊት ዋና ዋናውን መጨረስ ይቻላል? ባለቤቴ «እዚያው ስንደርስ እናየዋለን» ይላል። ለእሱ ቀላል ነው!

ሌላው፣ የሰባቱ ድንክዬዎች ባቡር ቁመት 97 ሴንቲሜትር ይጠይቃል፤ ትንሿ አትደርስም። አንዳችን ከእሷ ጋር ቀርተን በኋላ ሳንሰለፍ የምንቀያየርበት አሠራር እንዳለ አውቃለሁ። ከዳስ ጋር ስትጠቀሙበት በሩ ላይ ለሠራተኞቹ ምን ብላችሁ ነገራችኋቸው? ልጄስ ከሁለታችንም ጋር ደግሞ መሳፈር ይፈቀድለታል?