ርብ ዳር ሞተር የት ይቀመጥ? በጋ አይስብም፣ ክረምት ጎርፍ ይወስደዋል

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ፎገራ፣ ርብ ወንዝ ዳር ለሽንኩርት ባለ 3 ኢንች የቤንዚን ውሃ መሳቢያ ሞተር ልንተክል ነው። መጋቢት ላይ ውሃው ከዳሩ 6 ሜትር ዝቅ ይላል፤ ነሐሴ ላይ ደግሞ ዳሩን አልፎ ማሳ ይገባል። ላይ ብናስቀምጠው አይስብም፣ ታች ብናወርደው እንዳይወሰድ ፈራን። ችግኙስ መቼ ይዛወር?

መልስ 1
6 ሜትር አይሳብም፣ ሞተሩ ስለደከመ ግን አይደለም። ፎገራ ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ውሃን ወደ ላይ የሚገፋው ቢበዛ 8 ሜትር ነው፤ የቱቦው ፍትጊያ ሲቀነስ 4 ሜትር ተኩል ላይ ቁሙ። መግፋት ለሞተሩ ቀላል ነው፣ የሚያቅተው መሳቡ ነው። ስለዚህ ከዳሩ 2 ሜትር ዝቅ ብላችሁ መደብ ቁረጡለት። ወንዙ በሚታጠፍበት በውጭው በኩል አይሁን፣ ውሃው ሥሩን ይበላዋል፤ በውስጠኛው በኩል ደግሞ አሸዋ ተከማችቶ ፉት ቫልቩን (በመሳቢያ ቱቦው ጫፍ ያለውን፣ ውሃ ወደ ኋላ የማይመልሰውን መዝጊያ) ይደፍነዋል። ቀጥ ያለውን ምረጡ።

ፉት ቫልቩን ቅርጫት ውስጥ አድርጋችሁ ከውሃው ገጽ 30 ሳንቲ ሜትር በታች አንጠልጥሉት፣ ወለሉን እንዳይነካ። መሳብ እምቢ ካለ ሞተሩን ለመፍታት አትቸኩሉ፤ እየሠራ ሳለ መጋጠሚያዎቹን የሳሙና አረፋ ቀቧቸው። አረፋው ወደ ውስጥ ከተሳበ አየር የሚያስገባው እዚያ ጋ ነው።

መልስ 2
በመደቡ እስማማለሁ፤ ከግንቦት ማለቂያ በኋላ ግን ሞተሩ እዚያ አይደር። ፎገራ ፀሐይ ሆኖ ርብ ከሚነሳበት ከጉና ተራራ ላይ ከዘነበ ርብ ሌሊት ይሞላል። ለመለኪያ አንድ ረጅም እንጨት አትትከሉ፣ የሚንሳፈፍ ግንድ ነቅሎት ይሄዳል። ከዳሩ ወደ ታች በየ1 ሜትሩ ከፍታ አጭር ችካል ትከሉና በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ምልክት አድርጉ፤ ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት መዝግቡ።

ችግኙን በተመለከተ፣ ጎርፉ ሁለት ዓይነት ነው። የሐምሌና የነሐሴው ከጉና ደፍርሶ ይወርዳል፣ ደለሉን ጥሎ ይጎድላል። የመስከረሙ የጣና ነው፤ ሐይቁ ያን ጊዜ ስለሚሞላ ወንዙ መውጫ ያጣል፣ ዝናቡ ቆሞም ውሃው ሐይቁ አጠገብ ያለ ማሳ ላይ ይተኛል። የሽንኩርት ሥር ደግሞ የተኛ ውሃ አይችልም። ሰማዩን ትታችሁ ችካሉን እዩ። ውሃው በተከታታይ ከወረደ ማሳው ላይ 40 ሳንቲ ሜትር ቆፍሩ፤ ጉድጓዱ ውሃ ሳያቁር ካደረ አዛውሩ። ለዝቅተኛው ቦታ ጓያ ወይም ሽምብራ ይሻላል።

ጠያቂው
እናመሰግናለን። ዳሩን በአፈር ብንከትረውስ?

መልስ 3
ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፣ የመጀመሪያው ሙላት በስንጥቁና በአይጥ ጉድጓዱ ይገባል። ደለሉም የወንዙን ወለል ስለሚያነሳው ዘንድሮ የበቃ ክትር ለከርሞ ያጥራል፤ የከለከላችሁት ውሃ ደግሞ ማዶ ያለው ጎረቤት ማሳ ላይ ይወጣል። ለተሸነቆረ ቦታ ብቻ አፈር የተሞላ የማዳበሪያ ከረጢት ተጠቀሙ። ከግማሽ ትንሽ አሳልፋችሁ ሙሉት፤ ጢም ካለ ድንጋይ ይሆንና በመሃሉ ውሃ ያሾልካል። አፉን ወደ ሥር አጥፋችሁ እንደ ጡብ እያጠላለፋችሁ ደርድሩ፣ እያንዳንዱን ረድፍ ርገጡት። አፈሩን ከአሁኑ ከዳሩ 20 ሜትር ራቅ አድርጋችሁ ከምሩ፤ በሙላት ሰዓት አፈር ሲጠፋ ሰው የሚቆፍረው ያንኑ ዳር ነው።