ዕድሜው የገፋ፣ ክንዱም የታከመ ሪሊቨር፦ ሁለት ዓመት ይፈረምለታል?

ናትስ በአማርኛ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የቤዝቦል ወቅት ባለቀ ቁጥር የሚነሳ ክርክር ነውና እዚህ ላምጣው፦ ዕድሜው ለገፋ ሪሊቨር (ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ተተክቶ የሚገባ ወርዋሪ) ረጅም ውል መስጠት ያዋጣል? ዋሽንግተን ናሽናልስ የ2019ን የሊጉን ዋንጫ በወሰደ በጥቂት ወራት፣ ጃንዋሪ 2020 ላይ፣ ለሪሊቨሩ ዊል ሃሪስ የ3 ዓመት የ24 ሚሊዮን ዶላር ውል ሰጠ። በፍጻሜው ሰባተኛ ጨዋታ ላይ የናሽናልሱ ሃዊ ኬንድሪክ ፋውል ፖሉ (የሜዳው ጠርዝ ምሰሶ) ላይ ያሳረፋትን ሆምረን (ነጥብ የሚያስገባ ረጅም ምት) የተመታበት፣ ያኔ ለተጋጣሚው ይወረውር የነበረው ራሱ ሃሪስ ነው። ዕድሜው 35፣ የ2019 ኢ.አር.ኤው (በየ9 ኢኒንግ፣ ማለትም በየ9 ዙር፣ የሚገባበት ረን ወይም ነጥብ አማካይ፤ ሲያንስ ይሻላል) ደግሞ 1.50 ነበር። በሦስቱ ዓመት የወረወረው በ28 ጨዋታ ብቻ! ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው።
ጥያቄዬ ሁለት ነው። ቁጥሩ እንዲህ እያማረ አደጋውን አስቀድሞ የሚያሳብቅ ነገር አለ? ውሉስ እንዴት ቢጻፍ ነው ክለቡ የሚተርፈው?

ሰባተኛ ኢኒንግ፦
መጀመሪያ ኢ.አር.ኤውን እርሳው። ሪሊቨር በዓመት የሚወረውረው 60 ኢኒንግ ገደማ ነው። 9ን ለ60 አካፍል፣ 0.15 ይመጣል፤ አንዲት ረን ቁጥሩን የምታንቀሳቅሰው በዚያ ልክ ነው። አንድ ምሽት አራት ረን ከገባበት 0.60 ዘለለ። 2.40 ያለውንና 3.60 ያለውን ሰው የሚለያዩት ሁለት ክፉ ምሽቶች ናቸው።
ቤዝቦል ሳቫንት የሚባለው የቁጥር ድረ ገጽ ላይ ገብተህ የፋስትቦሉን (የቀጥታ ፈጣን ውርወራውን) ፍጥነት በየወሩ ተመልከት። ኤፕሪልን ከኤፕሪል፣ ኦገስትን ከኦገስት ጋር አወዳድር፤ ብርድ ላይ የማይቀንስ ፒቸር (ወርዋሪ) የለምና ኤፕሪልን ከጁላይ ጋር ማመሳከር ያሳስትሃል። በ25 ዓመቱ በሰዓት 1 ማይል የወረደበት ልጅ ሊመልሰው ይችላል። በ35 የወረደው ግን አብዛኛውን ጊዜ ወርዶ ይቀራል። ቀጥሎ ኳሷን የሚለቅበትን ከፍታ እይ። ክንዱ ከወር ወር ዝቅ እያለ ከመጣ ትከሻው እያመመው ሊሆን ይችላል። ስላይደሩን (ወደ ጎን የሚታጠፈውን ውርወራ) ድንገት ያበዛ ሰውም በፋስትቦሉ ላይ የነበረው እምነት ተሸርሽሮ እንደሆነ ጠርጥር።
ሌላው፣ በተከታታይ ሁለት ቀን ስንት ጊዜ ወረወረ? በጁን ስምንቴ፣ በኦገስት አንዴ ከሆነ አሠልጣኙ የሚያውቀው ነገር አለ። ቡልፔን (የወርዋሪዎች ማሟሟቂያ) ውስጥ አሟሙቆ ሳይገባ የቀረበት ምሽት ደግሞ የትኛውም ሰንጠረዥ ላይ አይጻፍም፤ ክንዱ ግን ቆጥሮታል።

ግራኙ፦
«ተጎድቶ ነበር» የሚለውን ቃል እንለያየው። ሪሊቨሩ ማሪያኖ ሪቬራ በ2012 የጉልበት ጅማቱ ተበጥሶ፣ በ43 ዓመቱ ተመልሶ 44 ሴቭ (መሪነትን ጠብቆ ያስጨረሰው ጨዋታ) ይዟል። ያ ጉልበት ነው። ክንድ ሌላ ነው።
ክርን፦ ቶሚ ጆን (የተበጠሰ የክርን ጅማትን የሚተካው ቀዶ ሕክምና) ከ12 እስከ 18 ወር ይወስዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ አብዛኛው ይመለሳል፤ ሁለተኛው ዙር ላይ ዕድሉ ይቀንሳል። የግንባር ክንድ ጡንቻ መሳሳብ ተብሎ ሲነገር ቀላል ይመስላል፣ ብዙ ጊዜ ግን የክርን ጅማቱ ማስጠንቀቂያ ነው። ጃይንትስ በ2016 መጨረሻ ለሪሊቨሩ ማርክ ሜላንሰን 4 ዓመት 62 ሚሊዮን ሰጥቶ፣ ሰውየው በመጀመሪያው ወቅቱ ሴፕቴምበር ላይ ግንባር ክንዱን ቀዶ ሕክምና ገባ።
ትከሻ፦ እኔ ብሆን ከ33 በላይ ሆኖ ትከሻው የተከፈተን ሰው በአንድ ዓመት ውል እንኳ እፈራለሁ። የትከሻ ቀዶ ሕክምና እንደ ክርን አስተማማኝ ሆኖ አያውቅም።
ሃሪስን የጣለው ግን ሁለቱም አይደለም። ከአንገት ሥር ወደ ክንድ የሚወርዱት ነርቮችና የደም ሥሮች ከመጀመሪያው ጎድን አጥንት በላይ ባለው ጠባብ መተላለፊያ ይጨመቃሉ። እጅ ይደነዝዛል፣ ይቀዘቅዛል። ብዙ ጊዜ መፍትሔው ያንን ጎድን ቆርጦ ማውጣት ነው። የናሽናልሱ ፒቸር ስቲቨን ስትራስበርግም እንደ ሃሪስ በ2021 ይሄንኑ ሕክምና አድርጓል። ፒቸር ፍጥነቱን ቢያስመልስ እንኳ የጣት ጫፍ ስሜቱ ካልተመለሰ ኳሷ ያሰባት ቦታ አትሄድም።

ናትስ በአማርኛ፦
ግልጽ ነው፣ አመሰግናለሁ። ውሉስ?

ዶላር ቆጣሪ፦
ሦስት ነገር ያዝ። አንደኛ፣ ገንዘቡ የተረጋገጠ ነው፤ ቢጎዳም ይከፈላል። የ60 ቀን የጉዳተኞች መዝገብ ከክለቡ የ40 ተጫዋቾች ዝርዝር ላይ ቦታ ይለቅልሃል እንጂ ሳንቲም አይመልስልህም። ወቅቱ ሲያልቅ ደግሞ ሰውየው ወደ 40ው ይመለሳል፣ ያኔ ወጣት ተጫዋች በሌላ ክለብ እንዳይወሰድብህ ለመጠበቅ ቦታ ታጣለህ። ሁለተኛ፣ 5 ዓመት ያገለገለ ተጫዋች ያለ ፈቃዱ ወደ ማይነር ሊግ (የታችኛው ሊግ) አይላክም። ልጁን ታወርደዋለህ፣ ሽማግሌውን ወይ ታጫውተዋለህ ወይ ታሰናብተዋለህ።
ሦስተኛው እሱ ማሰናበቱ ነው። የሚወስደው ክለብ የሚከፍለው ዝቅተኛውን ደመወዝ ብቻ ሲሆን ቀሪው አንተ ላይ ነው። ሮኪስ ለ2018 ወቅት ዌድ ዴቪስን በ52፣ ብራያን ሾውንና ጄክ ማጊን በየ27 ሚሊዮን አስፈረመ፤ ሁሉንም ለ3 ዓመት፣ በድምሩ 106። ዴቪስ መጀመሪያ 43 ሴቭ ያዘ፣ በ2019 ኢ.አር.ኤው 8.65 ሆነ። ማጊን በ2020 አሰናበቱት፤ ዶጀርስ በርካሽ ወስዶት የዋንጫ ቀለበት አደረገ፣ ደመወዙን ሮኪስ እየከፈለ።
ጉርሻ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ኢ.አር.ኤህ ከ3 ካነሰ» ወይም «30 ሴቭ ከያዝክ» ብሎ መጻፍ በሊጉ ደንብ ክልክል ነው። የሚፈቀደው በጨዋታ ብዛት፣ በኢኒንግ፣ ጨዋታ በመጨረስና በዝርዝሩ ላይ በቆየበት ቀን ነው። ስለዚህ ለ36 ዓመት ሰው መነሻ 3 ሚሊዮን፣ ከዚያ 40፣ 50ና 60 ጨዋታ ላይ በየደረጃው 500 ሺህ ብል ጤናውን እንጂ ስሙን አልገዛሁም። የሁለተኛው ዓመት ምርጫ የክለቡ ይሁን። ሬድ ሶክስ ለጆን ላኪ ያስገባውን አንቀጽም አትርሱ፦ በክርን ጉዳት ረጅም ጊዜ ከቀረ፣ ክለቡ አንድ ተጨማሪ ዓመት በዝቅተኛ ደመወዝ ያገኛል። ላኪ የ2012ን ወቅት ሙሉ ስለቀረ፣ 2015ን በግማሽ ሚሊዮን ገደማ ተጫወተ። ላኪ ስታርተር (ጨዋታ የሚጀምር ወርዋሪ) ቢሆንም አንቀጹ ለሪሊቨርም ይሠራል፤ ወኪሉ ከፈረመልህ ነው እንግዲህ።

ሰባተኛ ኢኒንግ፦
ግራኙ አበዛኸው ልበል? ሪሊቨሩ ከርቢ ዬትስ ሁለት ጊዜ ቶሚ ጆን የተደረገለት ሰው ነው። በ2024 ሬንጀርስ በ37 ዓመቱ በ4.5 ሚሊዮን ወሰደው፤ 33 ሴቭ፣ ኢ.አር.ኤ 1.17።

ግራኙ፦
ቀጥሎስ? በ2025 ዶጀርስ 13 ሚሊዮን ከፈለበት፣ ኢ.አር.ኤው 5.23 ሆነ። ክንዱ ያው ነው፤ ዋጋው ነው የተለወጠው። ከከፍታው ማግስት የገዛ ከሰረ፣ ዝቅ ብሎ ሳለ የገዛ አተረፈ። ናሽናልስ በ2022 ሪሊቨሩን ሾን ዱሊትልን በ1.5 ሚሊዮን መልሶት ከ6 ጨዋታ በኋላ ክርኑ ሄደ፤ ማንም አላለቀሰም።
ለሐኪም ምርመራው አንድ ነገር ልጨምር። የ35 ዓመት ፒቸር ክርን ኤም.አር.አይ ላይ ንጹሕ አይወጣም፣ ስለዚህ የዛሬው ምስል ብቻውን ምንም አይልህም። የድሮዎቹን አስመጥተህ ጎን ለጎን ይታዩ፤ የሚፈለገው ለውጡ ነው። የመጨበጥ ኃይሉንና የትከሻውን መዞር በሁለቱም እጅ ይለኩ። ሲወረውር ለማየት ከሄድክ ደግሞ አንድ ቀን አይበቃም፣ በማግስቱም ይወርውር። የመጀመሪያ ቀን በሰዓት 95 ማይል ያሳየህ ሰው በማግስቱ 93 ከሆነ፣ ራዳሩን አጥፍተህ ወኪሉን ተሰናበተው።