«ወረቀቱን ያጣብባሉ» ተባለ፤ እንነጋገርበት

ፊርማ ሰብሳቢዋ፦ እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ በአንድ የኮሚዩኒቲ ስብሰባ ላይ የሰማሁት ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። አንድ ልጅ ግሪንና ሊበርታሪያን ስለሚባሉት ትንንሽ ፓርቲዎች ጠየቀ። ተናጋሪው «እነሱ ወረቀቱን ከማጣበብ በቀር ምን ይሠራሉ» ብለው አለፉት። ሰው አጨበጨበ! የድምፅ መስጫ ወረቀት የሁለት ፓርቲ ርስት ሆነ እንዴ? በ1992 በግሉ ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደረው ሮስ ፔሮ ወደ 19 በመቶ የሚጠጋ ድምፅ አግኝቶ፣ ፕሬዚዳንቱን ከሚወስነው የኤሌክቶራል ድምፅ አንድም አልደረሰውም። በሩ እንዲህ ተዘግቶባቸው፣ ስማቸው ወረቀቱ ላይ መገኘቱ ማንን ጎዳ?

የቬጋሱ፦ እህቴ፣ የዴሞክራቶቹን እጩ አል ጎርን ጎዳ። ፍሎሪዳ፣ 2000። ሪፐብሊካኑ ቡሽ ያሸነፈው በ537 ድምፅ ነው። የግሪኑ እጩ ራልፍ ኔደር እዚያው ፍሎሪዳ ከ97 ሺህ በላይ ወሰደ። ከዚያ በኋላ የመጣውን የኢራቅ ጦርነት አስቢው።

ሚኒሶታ ነኝ፦ ከማን ኪስ ነው የወሰደው? ድምፁ የመራጩ ነው። ደግሞ ፍሎሪዳ ላይ ከትንንሾቹ እጩዎች ሁሉ ያነሰው እንኳ 562 አግኝቷል። ከ537 ይበልጣል። ታዲያ ሁሉንም ልትከሳቸው ነው?

የቬጋሱ፦ ጥሩ ነገር አነሳህ። አሥር የፕሬዚዳንት እጩ ነበር። ለምን? ፍሎሪዳ በ1998 ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ በሩን ስላሰፋች ነው። የፓልም ቢች ካውንቲ (ወረዳ) የምርጫ ኃላፊ አሥሩን ስም በአንድ ገጽ ብታደርገው ፊደሉ ሊያንስ ሆነ። አረጋውያን እንዲያነቡት ብላ ስሞቹን ግራና ቀኝ ከፈለቻቸው፤ ሰው ድምፁን ለመስጠት የሚበሳው ቀዳዳ መሐል ላይ ሆነ። በግራ ቡሽ አንደኛ፣ ጎር ከሥሩ። ሁለተኛው ቀዳዳ ግን የጎር አይደለም፤ በቀኝ በኩል ያለው የሌላ ትንሽ ፓርቲ እጩ የፓት ቡካነን ነው። የጎር ሦስተኛው ነው። ቡካነን በዚያ ካውንቲ 3,407 ድምፅ አገኘ። ብዙው የእኔ አይደለም ብሎ ራሱ በቴሌቪዥን ተናገረ። ከ19 ሺህ በላይ ወረቀት ደግሞ ሁለት ቦታ ተበስቶ ተጣለ። ወረቀት ሲጣበብ ይኸው ነው።

ፊርማ ሰብሳቢዋ፦ ወንድሜ፣ አሁን የተናገርከው ስለ አነዳደፉ ነው። ሌሎቹ የፍሎሪዳ ካውንቲዎችም ያንኑ አሥር ስም ይዘው ነበር። ጥፋቱ የቀዳዳው አቀማመጥ ሆኖ ሳለ ቅጣቱ በእጩዎቹ ላይ ለምን ይወድቃል?

የቬጋሱ፦ ዱቫል ካውንቲስ? እዚያም የፕሬዚዳንት እጩዎች ሁለት ገጽ ላይ ተከፍለው በየገጹ አንድ አንድ የመረጠው ሰው በዛና ከ20 ሺህ በላይ ድምፅ ተበላሸ። ስም ሲበዛ ሰው ይሳሳታል።

ሚኒሶታ ነኝ፦ ስም ሲበዛ ጥሩ ወረቀት ይነደፋል። ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል!

ጋሼ ዲሲ፦ ልጆች፣ ሰውዬው የተናገሩት አነጋገሩ ቢከፋም ፍሬ ነገር አለው። ያለ ገደብ ማንም ይግባ ማለት አይቻልም። በ1997 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሚኒሶታ በመጣ ጉዳይ ላይ ክልሎች ለመረጋጋት ሲባል የሁለት ፓርቲ ሥርዓትን የሚደግፍ ደንብ ማውጣት ይችላሉ ብሏል። ስድስት ለሦስት። ሕግ ነው።

ሚኒሶታ ነኝ፦ ጋሼ፣ ያ ጉዳይ ሁለት ፓርቲዎች አንድ ሰው በጋራ እጩ እንዳያደርጉ የሚከለክል ነው። ይኸው ፍርድ ቤት በ1968 ኦሃዮን አሳፍሯታል። አዲስ ፓርቲ ለመግባት ለገዥነት ከተሰጠው ድምፅ 15 በመቶ የሚያህል ፊርማ አምጣ ስትል ነበር። እሱንም ይጥቀሱልን እንጂ!

ፊርማ ሰብሳቢዋ፦ ስለ ፊርማ ካነሳችሁ የሜሪላንድን ልንገራችሁ። በ2012 የክልሉ የበላይ ፍርድ ቤት፣ ፊርማ ላይ የሚጻፈው ስም የሕጉን አጻጻፍ ካላሟላ አይቆጠርም አለ። የተከራከሩት ሊበርታሪያንና ግሪን ናቸው፤ ተሸነፉ። ይህ እኛን ሐበሾችን በቀጥታ ይነካል። አንዲት እናት እስክሪብቶዬን ተቀብለው ስማቸውንና የአባታቸውን ስም ጻፉ። ሁላችንም እንደምንጽፈው ማለት ነው። መዝገቡ ላይ ግን የመጨረሻ ስም ተብሎ የተያዘው የአያታቸው ስም ነው። ተሰረዘ! አድራሻቸው ትክክል፣ የልደት ቀናቸው ትክክል፣ ዜጋና መራጭ ናቸው። ወረቀት ያጣበበው ማን ነው ታዲያ?

ጋሼ ዲሲ፦ ልጄ፣ ይኼ ያሳዝናል፤ አልክድሽም። ግን ማጭበርበር እንዳይኖር ማጣሪያ ያስፈልጋል።

ሚኒሶታ ነኝ፦ ማጣሪያውን የሚሠሩት ተወዳዳሪዎቹ ራሳቸው ናቸው ጋሼ። ኒውዮርክ በ2020 የግል እጩ ለገዥነት የሚያስፈልገውን ፊርማ ከ15 ሺህ ወደ 45 ሺህ ከፍ አደረገች። የመሰብሰቢያ ጊዜው 42 ቀን። በ2022 ለገዥነት ወረቀቱ ላይ የቀሩት ዴሞክራቷ ሆኩልና ሪፐብሊካኑ ዜልዲን ብቻ። ዴሞክራቶች ናቸው ያደረጉት፤ እነዚሁ ዴሞክራሲ አደጋ ላይ ነው የሚሉን።

የቬጋሱ፦ ዴሞክራት ላይ ብቻ አትዝመት። የግሪን ወዳጅ ማን እንደሆነ እዚሁ ኔቫዳ አይተናል። በ2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሲሄዱ ጠበቃቸው ጄይ ሴኩሎው ነበር። የትራምፕ ጠበቃ የነበረው! ስለ ዴሞክራሲ አዝኖ ነው የመጣው?

ፊርማ ሰብሳቢዋ፦ ጠበቃው ማንም ይሁን። ግሪን ኔቫዳ ላይ ለምን ተሰረዘ? የተሳሳተ ቅጽ ተጠቅማችኋል ተብሎ። ቅጹን የላከላቸው ማን ነው? ራሱ የክልሉ ጽሕፈት ቤት! ሰው ፈርሞ፣ ፓርቲው ለፍቶ፣ በመንግሥት ስህተት ወጡ። ከሳሹ የክልሉ ዴሞክራቲክ ፓርቲ ነው። ይህን አንተ እዚያው እየኖርክ እንዴት ትከላከላለህ?

የቬጋሱ፦ ቅጹ ላይ የሚጎድለው ቀላል ነገር አልነበረም። ሰብሳቢው ፈራሚዎቹ የካውንቲው መራጮች ናቸው ብዬ አምናለሁ ብሎ የሚምልበት ነው። ሕጉ ይጠይቃል።

ሚኒሶታ ነኝ፦ አንድ ጥያቄ ብቻ መልስልኝ። የእናንተ ወረቀት ላይ በ1975 በወጣ ሕግ «ከእነዚህ እጩዎች ማንንም አልመርጥም» የሚል ምርጫ አለ። በ2024 ለሴኔት ከ40 ሺህ በላይ ሰው እሱን መረጠ፤ ዴሞክራቷ ጃኪ ሮዘን ያሸነፈችው ደግሞ ወደ 24 ሺህ በሚጠጋ ልዩነት ነው። ለ«ማንንም» ወረቀቱ ላይ ቦታ ከተገኘ ለግሪን እንዴት ጠበበ?

የቬጋሱ፦ «ማንንም» የሚለው ማንንም አያስመርጥም። ቢበልጥ እንኳ የሚያሸንፈው ቀጥሎ ያለው እጩ ነው። ሁለቱን አታወዳድር።

ሚኒሶታ ነኝ፦ አልመለስክልኝም።

ጋሼ ዲሲ፦ እኔ ግን ፓልም ቢችን አልረሳም። ያኔ ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብለን ስንከታተል ነበር። አረጋውያኑ ያልፈለጉትን ሰው መርጠው ወጡ። እናንተ ይህን በደል አቅልላችሁ ታዩታላችሁ።

ፊርማ ሰብሳቢዋ፦ አላቀለልኩም ጋሼ። የእኔዋም እናት አረጋዊት ናቸው። የእሳቸውም ስም ተሰርዟል።