የ.308 ቀለህ ከዳይ ወጥቶም ቦልቱን ያከብዳል፤ ችግሩ ትከሻው ነው ወይስ ታችኛው ክፍል?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ያለሁት አሜሪካ ነው። የ.308 ዊንቸስተር ቀለህ ለዳግም ሙሌት ሳዘጋጅ ከፊሉን ባዶውን እንኳ ሳጎርሰው ቦልቱ (የጠመንጃው መዝጊያ) እየከበደ ነው የሚዘጋው።

ቀለሁ ተኩስ ሜዳ ላይ የተለቀመ፣ በሌላ ጠመንጃ የተተኮሰ ድብልቅ ነው። ካፕሱሉ ወጥቶ፣ ታጥቦና ደርቆ፣ በላኖሊን ተቀብቶ ሙሉ አካሉን በሚያጠብቀው ዳይ (ቀለሁን ወደ ልኩ በሚመልሰው የብረት ቅርጽ ማውጫ) ያልፋል። ዳዩ ሼል ሆልደሩን (ቀለሁን ከታች የሚይዘውን ቁራጭ) ከነካ በኋላ ሩብ ዙር ወርዷል። ርዝመቱ 2.005 ኢንች ላይ ተቆርጧል፤ ጣሪያው 2.015 ስለሆነ ከአንገቱ አይመስለኝም። አፉም ከውስጥም ከውጭም ተሞርዷል።

ግራ ያጋባኝ ይሄ ነው፦ ቀለሁን በማርከር አጥቁሬ ሳጎርሰው የአንዳንዱ ቀለም ትከሻው ላይ ይፋቃል፤ የሌላው ግን ከታችኛው ጎድጓዳ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ወፍራሙ ግድግዳ ላይ፣ ቀለበት ሠርቶ ነው የሚፋቀው። የዳዩን አቀማመጥ ሳልቀይር እንኳ የትከሻው ልኬት ከቀለህ ቀለህ እስከ 0.003 ኢንች ይለያያል።

ለታችኛው፣ ስሞል ቤዝ ዳይ (የቀለሁን ታችኛ ክፍል ይበልጥ የሚያጠብ ዳይ) ከመግዛት ውጭ መላ አለው? ትከሻው ተመልሶ የሚነሳው ናሱ በተደጋጋሚ ተኩስ ስለጠነከረ ከሆነስ፣ አስቀድሞ አንገትና ትከሻውን በእሳት ማለስለስ ይሻላል ወይስ የፕሬሱን (ዳዩ የሚታሰርበትን መሣሪያ) እጀታ ታች ላይ ጥቂት ሰከንድ ይዞ ማቆየት? ቅባት ማብዛት አልፈልግም፣ ትከሻው ላይ ስርጉድ ያወጣል። ዳዩን ይበልጥ ማውረዱም ያስፈራል፤ ለስላሳዎቹ ትከሻቸው ከልክ በላይ ከተገፋ ከታች በኩል እየሳሱ ይበጠሳሉ።