መንታዎቼ አይተዛዘኑም፣ አንዱ ሲያለቅስ ሌላዋ ትስቃለች

የመንቶቹ እናት፦
ሰላም እናቶች እንዴት ናችሁ፣ ወንድና ሴት መንታ አሉኝ አሁን 20 ወራቸው ነው። ሰው መንታ ሲባል ከማህፀን ጀምሮ የሚዋደዱ ይመስለዋል፣ እኔም እንደዛ ነበር የማስበው ግን የኔዎቹ ሲናከሱና ፀጉር ሲጓተቱ ነው የሚውሉት። ትናንት ወንዱ ከሶፋ ወድቆ ግንባሩ አብጦ እሪ ሲል እህቱ አጠገቡ ቆማ ስትስቅ ቆየችና መሬት የወደቀውን ብስኩቱን አንስታ ሄደች። በጣም ነው ያዘንኩት። "ሳሚው፣ ይቅርታ በይው" ብዬ ይዤ ወደሱ ሳስጠጋት ጭራሽ ነከሰችው። ሞግዚታቸው "ይቺ ልጅ ጨካኝ ናት" ትላለች። መንታ ያሳደጋችሁ እባካችሁ እንዴት አደረጋችሁ?

ነርሷ፦
አይዞሽ እህቴ። መጀመሪያ ግን ግንባሩ እንዴት ሆነ? ካስመለሰው ወይ ደግሞ ከወትሮው የተለየ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው አሁኑኑ ሐኪም ጋ ውሰጂው። ስለ እህቱ፣ ሞግዚቷ "ጨካኝ" ማለቷን ታቁም፣ ልጅ የተጠራበትን ነው የሚሆነው። በዚህ ዕድሜ ለቅሶ ሲሰሙ ይደነግጣሉ፣ ምን እንደሚያደርጉ ስለማያውቁ አንዱ ይስቃል አንዱ ይሸሻል አንዱ ይማታል። አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ መንትዮችን በ14 እና በ20 ወራቸው ያየ ጥናት በፈረንጆች 1992 ወጥቶ ነበር፣ ሰው የተጎዳ መስሎ ሲያቃስት ልጆቹ ምን እንደሚያደርጉ ነው ያዩት፣ በ20 ወር ላይ ማዘኑም ማፅናናቱም ከ14 ወሩ ጨምሮ ነው የተገኘው። ገና እየመጣ ያለ ነገር ነው ማለት ነው። ንክሻው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቃል ስላጡ ነው፣ መንታ ልጆች አፋቸውን ለመፍታት ትንሽ ዘግየት ይላሉ።

የመንታ አባት፦
የኛዎቹ 5 ዓመታቸው ነው ሁለቱም ወንድ ናቸው፣ ልክ እንዳንቺዎቹ ነበሩ። እናቴ አንዳቸው ሲወድቁ ወለሉን በጥፊ እየመታች "እንካ! ልጄን ትመታዋለህ?" ትል ነበር፣ ሁላችንም እንደዛ ነው ያደግነው መቼም፣ ግን ልጆቹ የተማሩት የሚመታ መፈለግን ነው፣ አንዱ ሲያለቅስ ሌላው ሄዶ በሩን ይመታል። እናቴን በስንት ልመና አስተውናት በምትኩ ሁላችንም ዝም ብለን "እኔን!" ማለት ጀመርን። ባንተ ፋንታ እኔን ይመመኝ ማለት እኮ ነው፣ እንደዚህ ያለ ቃል እያለን ወለል መምታት ለምን አስፈለገ? ከወራት በኋላ ትንሹ የወንድሙን ጉልበት እየዳበሰ "ኔን ኔን" ሲል ሰማነው፣ እኔም እናቱም አለቀስን። ሌላው ጉርሻ ነው። ማታ ማታ ይጎራረሱ፣ መጀመሪያ ፊታቸውን ሽሮ ያስመስሉታል ግን ቶሎ ይለምዱታል።

ማሚ፦
እኔ ግን ይቅርታ ማስባል አይቅር ባይ ነኝ፣ ስርዓትም መማር አለባቸው። ግድ ሳሚ የሚለው ግን ይቅር፣ ትልቅ ሰው እንኳን ተገዶ አይስምም።

የመንቶቹ እናት፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ፣ እብጠቱ ወርዷል ደህና ነው። ሞግዚቷንም አናግሬያታለሁ። ዛሬ ጠዋት ወንዱ መኪናው ተሰብሮበት ሲያለቅስ ሳልቆጣ ሳልጎትታት "እኔን የኔ ጌታ! ወንድምሽ አዝኗል፣ ምን እናምጣለት?" አልኳት። ትንሽ ቆማ አየችኝ፣ ከዛ ሮጣ ሄዳ የራሷን ጡጦ አምጥታ አፉ ውስጥ ከተተችለት። ጡጦው ባዶ ነበር። እሱም ለቅሶውን ትቶ ዓይን ዓይኗን እያየ ባዶውን ጠባው።